ቲኬት መጣ፤ ልክፈል፣ ላስረዳ ወይስ ልከራከር?

ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ የምንኖር ሰዎች ቲኬት ሲደርሰን ዓይናችን ቀድሞ የሚሄደው ገንዘቡ ላይ ነው። ትንሽ ከሆነ ከፍለን እንገላገላለን። ብዙ ከሆነ ቡና ላይ እናወራዋለን፣ ጠበቃ የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን፣ እንከራከራለን እንላለን። ይሄ አካሄድ ነው ብዙ ሰው የሚያስበላው።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ቲኬቱን ማን ሰጠው የሚለው ነው። ካሜራ ነው ወይስ ፖሊስ? ቀጥሎ ደግሞ የት ነው? ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይስ ቨርጂኒያ? የገንዘቡ ነገር ሦስተኛ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመት በፊት ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ፖሊስ አስቁሞኝ ከተፈቀደው 20 ማይል በላይ ሄደሃል ብሎ የ160 ዶላር ቲኬት ጻፈልኝ። ማታውኑ፣ ሚስቴ ሳታይ፣ ኦንላይን ከፈልኩ። ተገላገልኩ አልኩ። ለካስ መክፈል ማለት "አዎ አጥፍቻለሁ" ብሎ መፈረም ነው። 2 ፖይንት፣ ማለትም መንጃ ፈቃድ ላይ የሚቆጠር የጥፋት ነጥብ፣ ተመዘገበብኝ፤ ኢንሹራንሴ ሲታደስ ዋጋው ከፍ ብሎ መጣ፤ በሚቀጥለውም ዓመት እንደዛው። መጨረሻ ላይ ስደምረው 160 ዶላሩ ከሁሉም ትንሹ ሆኖ ተገኘ።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። የ40 ዶላር የካሜራ ቲኬት መጣበት። ፎቶው ላይ መኪናው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ፍጥነቱም ተጽፏል። "አልከፍልም!" ብሎ የፍርድ ቤት ቀን ጠየቀ፣ አንድ ቀን ሙሉ ሳይሠራ ዋለ፣ ተሸንፎ ተመለሰ። ያን ቀን ኡበር ቢነዳ ስንት ያገኝ ነበር?

ሁለታችንም ተሳስተናል። መክፈል የነበረበት ተከራከረ፣ መከራከር የነበረብኝ ከፈልኩ።

ካሜራና ፖሊስ አንድ አይደሉም

ካሜራ የሚያውቀው ታርጋ ነው። ማን እንደነዳ አያውቅም። ስለዚህ ቲኬቱ የሚላከው ለመኪናው ባለቤት ነው፣ በፖስታ። በሦስቱም ቦታዎች የካሜራ ቲኬት መንጃ ፈቃድ ላይ ፖይንት አያስቆጥርም፣ ኢንሹራንስም በእሱ አይጨምርም። በአጭሩ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ዘመድ ነው። በጊዜ ከተከፈለ ዕዳው ገብስ ነው።

ፖሊስ የሚጽፈው ቲኬት ግን በእናንተ ስም ነው። ፖይንት አለው፣ ኢንሹራንስ ያየዋል፣ ኡበርና ሊፍት በየጊዜው የነጂ ታሪክ ሲያጣሩ ያገኙታል። ደግሞ "የቨርጂኒያ ቲኬት ሜሪላንድ አይደርስም" የሚሉትን አትስሙ። ዲሲም ሜሪላንድም ቨርጂኒያም የነጂ ጥፋት ለመለዋወጥ በተፈራረሙ ግዛቶች ውስጥ ናቸው። ወንዙን መሻገር አያድንም።

እንግዲህ የእኔ ሕግ ይሄ ነው፦ ካሜራ ከሆነና እውነት ከሆነ ቶሎ ክፈሉ። ፖሊስ ከሆነ ሳታስቡ አትክፈሉ። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ዋጋ አለው።

ካሜራው የቱ ጋ ነው?

በጣም የሚያናድደው የዲሲ ነው። ብዙ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ላይ ከ2020 ጀምሮ ፍጥነቱ 20 ማይል ሆኗል፤ ከሜሪላንድ በ35 ስትመጡ የነበራችሁ እግራችሁ ይህን ቶሎ አይለምድም። ከተፈቀደው ከ11 እስከ 15 ማይል ከበለጣችሁ 100 ዶላር ነው። ከ16 እስከ 20 ከሆነ 150። ከ21 እስከ 25 ደግሞ 200። ቀይ መብራት መጣስ 150፣ የስቶፕ ምልክት ካሜራ 100 ዶላር። ኒውዮርክ አቬኑ ላይ ያለውን ካሜራ የማያውቅ የታክሲ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ዲሲ ላይ ዋናው ነገር ግን ቀኑ ነው። በ30 ቀን ውስጥ ካልከፈላችሁ ወይም ካልተከራከራችሁ ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል። 100 የነበረው 200። 60 ቀን ካለፈ ደግሞ እንዳመናችሁ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ መከራከር የሚቻለው ለምን እንደዘገያችሁ በቂ ምክንያት ስታቀርቡ ነው። መከራከር ለፈለገ ሰው መንገዱ ከባድ አይደለም፤ ፍርድ ቤት ሳይሆን የዲሲ የመኪናና የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት፣ ዲኤምቪ፣ ራሱ ነው ጉዳዩን የሚያየው፣ በጽሑፍም መላክ ይቻላል። ውሳኔው ካልጣማችሁ እንደገና እንዲታይ ትጠይቃላችሁ፣ ከዚያ ይግባኝ ሰሚው ቦርድ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ፍርድ ቤት። ለ100 ዶላር እዚያ ድረስ የሄደ ሰው ግን እኔ አላውቅም።

(በነገራችን ላይ ዲኤምቪ የሚለው ቃል እዚህ ሁለት ነገር ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አንድ ላይ ሰፈሩም ዲኤምቪ፣ መሥሪያ ቤቱም ዲኤምቪ። ሜሪላንድ ላይ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ኤምቪኤ ይባላል። አዲስ የመጣ ሰው ቢደናገር አይፈረድበትም።)

ሜሪላንድ ላይ ካሜራው የሚመታው ከተፈቀደው 12 ማይል ሲበልጥ ነው። ድሮ ቅጣቱ ለሁሉም 40 ዶላር ነበር፤ በ42 የሄደም በ80 የሄደም እኩል 40። ሰው ያንን ለምዶ "የሜሪላንድ ካሜራ ምን ይሆናል" ይል ነበር። ያ አልፏል። ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ እንደ ፍጥነቱ ይጨምራል። ከ12 እስከ 15 በላይ ከሆነ አሁንም 40 ነው፤ ከ16 እስከ 19 ከሆነ 70፣ ከ20 እስከ 29 ከሆነ 120፣ ከ30 እስከ 39 ከሆነ 230፣ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 425 ዶላር። የመንገድ ሥራ ያለበት ቦታ ለብቻው ሌላ ተመን አለው፣ ይብሳል። ቀይ መብራት 75 ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ደግሞ የቆመ የተማሪ አውቶቡስ ማለፍ 250 ዶላር ያስከፍላል፤ ይሄኛው ብዙ የሀገራችንን ሰው ያገኘ ቲኬት ነው፣ ምክንያቱም ከተቃራኒ አቅጣጫ ስንመጣም መቆም እንዳለብን ብዙዎቻችን ዘግይተን ነው የምናውቀው።

ሜሪላንድ ላይ ካልከፈላችሁ ኤምቪኤ ስማችሁ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ የመኪናው ምዝገባ አይታደስም፣ ምልክቱን ለማስነሳትም ሌላ 30 ዶላር አለ።

ቨርጂኒያ የፍጥነት ካሜራ የምታስቀምጠው በትምህርት ቤት አካባቢና የመንገድ ሥራ ባለበት ነው። ከተፈቀደው 10 ማይልና ከዚያ በላይ ካለፋችሁ እስከ 100 ዶላር። ብዙም አትፈሩት። ቨርጂኒያ ላይ የሚፈራው ሌላ ነው፣ እመጣበታለሁ።

ካሜራን መከራከር የሚያዋጣው መቼ ነው?

ጥቂት ጊዜ ብቻ። መኪናው ወይም ታርጋው ተሰርቆ ከሆነና የፖሊስ ሪፖርት ካላችሁ። ከቀኑ በፊት ሸጣችሁት ከሆነና ወረቀት ካላችሁ። ታርጋው ተሳስቶ ተነቦ ከሆነ፤ ይሄ ይከሰታል፣ ፎቶውን ሳታጎሉ አትክፈሉ፤ የመኪናው ዓይነት ከእናንተው ጋር ካልተመሳሰለ ነገሩ አለቀ። ፎቶው ላይ ጎን ለጎን ሁለት መኪና ካለና የትኛው እንደፈጠነ ካልታወቀም መሞከር ይቻላል። ሜሪላንድ ላይ አንድ የማይታወቅ ነገር አለ፦ መኪናው እዚያው የተመዘገበ ከሆነ ቲኬቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ፖስታ መግባት አለበት፣ የሌላ ግዛት ከሆነ በ30 ቀን። ካሜራው ያነሳበትንና ቲኬቱ ፖስታ የገባበትን ቀን አስተያዩ።

"ቸኩዬ ነበር"፣ "ከኋላዬ ያሉት ይገፉኝ ነበር"፣ "ምልክቱን አላየሁም" የሚሉት የትም አያደርሱም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው መኪና ማዋስ ነው። እኛ ጋ መኪና ለዘመድ አለመስጠት ነውር ነው። የአክስት ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ ቁልፉን ስትሰጡት ቲኬቱም አብሮ ለእናንተ ይመጣል፣ ብዙውን ጊዜ እሱ ወደ ሀገሩ ከተመለሰ በኋላ። ሜሪላንድ ላይ ሌላ ሰው እንደነዳ በመሐላ ቃል፣ ስሙንና አድራሻውን ጠቅሶ ማስረዳት ይቻላል። ግን ማን ነው የአክስቱን ልጅ ስም የሚጽፍ? ይሉኝታው ራሱ 40 ዶላር ያወጣል። መኪና ስትሸጡም ታርጋውን መንቀል አትርሱ፤ የገዛው ሰው በእናንተ ታርጋ በየካሜራው ሥር ሲበር ደብዳቤው እናንተ ቤት ነው የሚገባው።

ጆሮ ዳባ ልበስስ?

ይሄ አራተኛው አማራጭ ነው፣ ብዙ ሰው የሚመርጠው ግን አፍ አውጥቶ የማይናገረው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምንኖር ሰዎች የዲሲ ካሜራ ቲኬትን ቁም ሳጥን ውስጥ ወርውረን የኖርንበት ዘመን ነበር። ዲሲ የሌላ ግዛት ነጂ የካሜራ ዕዳ ካልከፈለ የመኪናውን ምዝገባ የምታስከለክልበት ስምምነት ስላልነበራት ነው። በ2021 እንዲያውም የምሕረት ጊዜ ሰጥታ ተጨማሪውን ቅጣት ሰርዛ ዋናውን ብቻ አስከፍላለች፤ የቆየ ተጠቀመ። ከዚያ ወዲህ "ደግሞ ምሕረት ይመጣል" ብሎ የሚጠብቅ ሰው አለ።

እኔ አልጠብቅም። በማርች 2023 ሮክ ክሪክ ፓርክዌይ ላይ አንድ መኪና ከሊፍት መኪና ጋር ተጋጭቶ የሊፍቱ ነጂና ሁለት ተሳፋሪዎቹ ሞቱ። ያጠፋው መኪና ላይ ከ12,000 ዶላር በላይ ያልተከፈለ ቲኬት ነበረበት። ሌሊት ሰው ጭኖ የሚነዳ ሰው ሁሉ ያን ዜና ሲሰማ የራሱን ወንበር ነው ያየው። ከዚያ በኋላ ከተማዋ አመረረች፤ በ2024 የወጣው ሕግ የዲሲ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሌላ ግዛት ነጂዎችን ለዕዳቸው ፍርድ ቤት እንዲያቆም ፈቀደለት፣ በ2025ም መክሰስ ተጀመረ። መጀመሪያ የተያዙት በጣም ብዙ ዕዳ የተከማቸባቸው ናቸው፤ ሁለት ቲኬት ያለውን ሰው ነገ ይከሱታል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ለሁለት ቲኬት ክስ ባያስፈልግም ቡት አለ። ዲሲ ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ያልተከፈለ የቆየ ቲኬት ካለባችሁ መኪናችሁን መንገድ ላይ ሲያገኙት ጎማውን ይቆልፉታል። ታርጋው የየትም ይሁን። ያኔ ዋናውን፣ እጥፉን፣ የቡቱን፣ ከተጎተተም የመጎተቻውንና በየቀኑ የሚቆጥረውን የማቆያ ክፍያ አንድ ላይ ነው የምትከፍሉት። በኡበር ለሚኖር ሰው ደግሞ መኪናው ቆመ ማለት ሥራው ቆመ ማለት ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ስልካችሁ ላይ "ያልተከፈለ ቲኬት አለብህ፣ እዚህ ተጫን" የሚል መልእክት ከመጣ ውሸት ነው፣ አትንኩት። በዲሲ ዲኤምቪ ድረ ገጽ ላይ ታርጋችሁን አስገብታችሁ ዕዳችሁን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ፖሊስ ሲሆን፦ ሜሪላንድ

ምርጫው በደንብ የሚታየው እዚህ ነው። ቲኬቱ ከተሰጠ በኋላ 30 ቀን አላችሁ፣ ሦስት መንገድም።

መክፈል። ቀላል ነው፣ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው፣ ፖይንቱ ይገባል። ፖይንት ለሁለት ዓመት ይቆጠራል። 3 ሲሞላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ 5 ሲሞላ ትምህርት፣ 8 ሲሞላ መንጃ ፈቃድ ይታገዳል፣ 12 ሲሞላ ይሰረዛል። ከተፈቀደው ከ10 እስከ 29 ማይል መብለጥ 2 ፖይንት ነው፤ ከ30 ጀምሮ 5።

ሁለተኛው ጥፋቱን አምኖ ማስረዳት ነው። ዳኛ ፊት ትቀርባላችሁ፣ ፖሊሱ አይመጣም፣ ምክንያታችሁን ትናገራላችሁ። ሐበሻ እዚህ ላይ ይበላሻል። "ጥፋተኛ ነኝ፣ ግን አላጠፋሁም" ይላል። ዳኛው ያቋርጠዋል፤ አላጠፋሁም ካልክ ሌላ ቀጠሮ ያስፈልግሃል ይለዋል። ይህን መንገድ የመረጠ ሰው ማመን አለበት፤ ከዚያ በኋላ ነው ንጹሕ የነጂ ታሪክ አለኝ፣ በዚህ ነው የምተዳደረው የሚለው የሚሠራው።

ሦስተኛው ሙሉ ክርክር ነው። ፖሊሱ ይጠራል። ካልመጣ አብዛኛውን ጊዜ ቲኬቱ ይሰረዛል። ከመጣም በዚያው ቀን ሐሳብ ቀይሮ አምኖ ማስረዳት ይቻላል። ለዚህ ነው ከሁለተኛው ይልቅ ሦስተኛውን የምመርጠው፤ ሁለተኛው በር አብሮ ክፍት ነውና። ጉዳቱ ምንድነው? ጊዜ ነው። ደግሞ ዳኛው ቲኬቱ ላይ ባለው ቁጥር አይታሰርም፣ ለአብዛኛው ጥፋት እስከ 500 ዶላር መቅጣት ይችላል። ይሄ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ታሪኩ የተበላሸ ወይም ዳኛውን የሚያናድድ ሰው ነው።

ፍርድ ቤት የምንሄድበት ዋናው ምክንያት ነጻ መውጣት እንዳይመስላችሁ። ፒቢጄ የሚባለው ነው። ዳኛው ጥፋተኛ ብሎ ከመፍረድ ይልቅ ለጊዜው በአመክሮ ያልፋችኋል፤ ቅጣት ልትከፍሉ ትችላላችሁ፣ ፖይንት ግን አይገባም። ታሪካቸው ንጹሕ የሆነ ሰዎች ይህን ብዙ ጊዜ ያገኙታል። እኔ ያን ማታ በኦንላይን የዘጋሁት በር ይሄ ነበር። ፒቢጄ ከተቀበላችሁ ይግባኝ የለም። በክርክር ከተሸነፋችሁ ግን በ30 ቀን ወደ ሰርኪት ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይቻላል፣ ጉዳዩም እንደ አዲስ ይታያል።

ትራክ የምትነዱ ወንድሞች፣ ይሄ ለእናንተ አይሠራም። የንግድ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ጥፋት እንዲህ እንዳይሸፈን የፌዴራል ሕግ ይከለክላል፣ በግል መኪናችሁ ብትያዙም። ለእናንተ ጠበቃ ከመጀመሪያው ቀን ያስፈልጋል።

ቨርጂኒያ፦ አትቀልዱ

ከተፈቀደው 20 ማይል ከበለጣችሁ፣ ወይም የተፈቀደው ምንም ይሁን ምን ከ85 በላይ ከሄዳችሁ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በግዴለሽነት መንዳት ነው። ተራ ቲኬት ሳይሆን የወንጀል ክስ ነው። እስከ 12 ወር እስር፣ እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት፣ 6 ፖይንት፣ ለ11 ዓመት መዝገብ ላይ። 70 በሆነው አውራ ጎዳና በ86 መሄድ ሜሪላንድ ላይ ተራ ቲኬት ነበር፤ ወደ ሪችመንድ ስትወርዱ ሌላ ዓለም ነው። የታክሲና የኡበር ሥራ በዚህ አንድ ወረቀት ሊያበቃ ይችላል። የዜግነት ማመልከቻ ላይ ያላችሁም አስቡት፣ የወንጀል ታሪክ ይጠየቃል።

እዚህ ላይ ጠበቃ መያዝ ብር ማባከን አይደለም። ለተራው የፍጥነት ቲኬት ብዙውን ጊዜ ራሳችሁ መቆም ትችላላችሁ። አስቀድማችሁ የማሽከርከር ትምህርት ወስዳችሁ ወረቀቱን ለዳኛው ማሳየት ይረዳል። የመኪናውን የፍጥነት መቁጠሪያ ጋራዥ አስመርምሮ ስህተቱን የሚያሳይ ወረቀት ማቅረብም እዚያ የተለመደ ነው። ይግባኝ የምትሉበት ጊዜ 10 ቀን ብቻ ነው፤ የሜሪላንዱን 30 ለምዶ የተቀመጠ ሰው ያመልጠዋል። ሬዳር የሚጠቁም መሣሪያም በቨርጂኒያና በዲሲ ክልክል ነው፣ በሱ ሌላ ቲኬት አትጨምሩ።

ዲሲ ላይ ፖሊስ የጻፈው ቲኬት እንደ ካሜራው ወደ ዲኤምቪ ነው የሚሄደው፤ ልዩነቱ ፖይንት መኖሩ ነው። ተከራክራችሁ ቀጠሮ ከያዛችሁና ፖሊሱ ካልመጣ ይሰረዛል። መሞከሩ አይጎዳም።

የቀጠሮው ቀን

አስተርጓሚ ጠይቁ። ነጻ ነው፣ ግን አስቀድሞ በቅጽ መጠየቅ አለበት። ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ ያላት ከተማ ናት፣ አማርኛም በደንብ ከሚታወቁት ውስጥ ነው። "እንግሊዝኛዬ ይበቃኛል" የሚል ሰው አለ። ለገበያ ይበቃል። ፖሊሱ ፍጥነቱን በሌዘር ለካሁ ሲልና ከኋላው እየተከተልኩ በራሴ መኪና ለካሁ ሲል ልዩነቱ ካልገባችሁ ግን ምን ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ? የመጀመሪያው ጥያቄ እኮ እሱ ነው፤ በምን ለካኸው።

ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ስልክ ዝጉ፣ ፓርኪንጉን ደግሞ እስከ ምሳ ሰዓት የሚበቃ ክፈሉ። አንድ የማውቀው ሰው ቲኬቱን አሰርዞ እየሳቀ ሲወጣ መስታወቱ ላይ አዲስ ቲኬት ተቀምጦ ጠበቀው።